ባሕሩን በቀኝ ይዘን ሰባ ኪሎ ሜትር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ ሆኜ በስልኬ ነው የማነበው። እስከ ዛሬ አንብቤ ዝም ነበር። ስለ ከተሞቻችን የኮሪደር ልማትና ስለ ሐይቆቻችን ዳርቻ ሲነሳ ግን አንድ የሰኔ ቅዳሜ ትዝ እያለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ያን ቀን ከአንድ ወዳጄ ጋር በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር በብስክሌት ስንሄድ ዋልን። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የምጠይቃችሁን መጨረሻ ላይ እጠይቃለሁ። ወራቱንና ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ብስክሌት የለመድኩት በሰዓት በምትከራይ ፊኒክስ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጬ ፔዳሉ ስለማይደርሰኝ እግሬን በብረቶቹ መሃል አሾልኬ፣ ቆሜ፣ ተጣምሜ ነበር የምነዳት። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አልነበረችም። መምህሩም፣ ነርሷም፣ ዳቦ የሚያመላልሰውም ልጅ ይነዳታል። መሬቱ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዘንባባ አለው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ግን 14 ዓመት ሙሉ ብስክሌት አልነካሁም። ሥራ፣ መኪና፣ እንቅልፍ፣ ደግሞ ሥራ። የምኖርበት ሲቲ ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ሐበሻውም፣ ሶማሌውም፣ ቬትናሙም አንድ ላይ የሚኖርበት ነው። ከዚያ እስከ ባሕሩ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን ከሀገር ቤት እንግዳ መጥቶ ፎቶ ለመነሳት ካልወሰድኩት በቀር አላየውም ነበር።

ወደ ብስክሌት የመለሱኝ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አሁን ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ብስክሌትን ግን እስከ ዛሬ «ብሽክለታ» ይሏታል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደ ጊዜ ስለሱ ሲያወሩ እንባቸው ይመጣ ነበር። በወጣትነታቸው ከአስመራ ተነስተው እስከ ምጽዋ ቁልቁል በብስክሌት ወርደዋል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ወለል ማለት ነው። «አየሩ እየሞቀ እየሞቀ ይመጣና ድንገት ጨው ጨው ይሸትሃል» ይሉኛል። ቤታቸው ሁለት ብስክሌት ነበራቸው። አንዷን ሰጡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መሃል ከተማ ካለው፣ በ1915 ከተሠራው ሳንታ ፌ ዲፖ የባቡር ጣቢያ ኮስተር የሚባለውን ባቡር ያዝን። ባቡሩ ብስክሌት ይጭናል፤ ታችኛው ፎቅ ላይ ማሰሪያ ቦታ አለው። አንድ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ሄዶ ኦሽንሳይድ ያወርዳል። ከዚያ ፊትን ወደ ደቡብ አዙሮ በብስክሌት መመለስ ነው፤ በሄድንበት ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ደቡብ መሄዱን የመከሩኝ ጋሼ ናቸው። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። እንደ እኛ ሀገር እዚህም በቀኝ ስለሚነዳ ባሕሩ ከእኛ ወገን ይሆናል፣ በኛና በውሃው መካከል የሚያልፍ መኪና የለም። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚነሳው ከሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ከጀርባ ይገፋል። ሁለቱም እንዳሉት ሆነ።

ጠዋት ሰማዩ ድፍን ብሎ ነበር። እዚህ ሰኔ እንደዚያ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ በላዩ የሚያልፈው አየር እርጥበት ወደ ጉም ይቀየርና ጠዋት ጠዋት ዳርቻውን ይሸፍነዋል፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ይገለጣል። እኛ ሀገር ሰኔ ሰማዩ ሲከብድ ዝናቡ መምጣቱ ነው። እዚህ ይከብዳል እንጂ ጠብ አይልም። ለብስክሌት ግን ከዚህ የተሻለ አየር የለም። ላብ አያወጣም፣ ብርድ አያስይዝም።

ኦሽንሳይድ ላይ ከእንጨት የተሠራ ረጅም ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ወዲያ ማዶ የለውም፤ ሰው የሚሄድበት ባሕሩን ለማየትና ዓሣ ለማጥመድ ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በ2024 ጫፉ ላይ እሳት ተነስቶ ጉዳት ደርሶበታል። ብስክሌቶቻችንን አስረን በእግራችን ገባንበት። አባትና ልጅ መንጠቆ ጥለው ቆመዋል። ጎናቸው ባልዲ አለ፣ ባልዲው ውስጥ ሁለት ትናንሽ ዓሣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው፣ እንዲህ ካለ የሕዝብ ድልድይ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ግን ፈቃድ አይጠየቅም። ልጁ መንጠቆውን ሲጥል አንድ ብር አልከፈለም። ይህን እዚህ ላይ የጻፍኩት አውቄ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ካርልስባድ ነው። አሮጌው 101 አውራ ጎዳና ከአሸዋው ጎን ለጎን ይሄዳል። የብስክሌት መስመሩ ነጭ ቀለም ተቀብቶለታል፤ ባሕሩ በጣም ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ ማዕበሉ ሲሰበር ድምፁ ከጎማው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። የሚያማምሩ ቤቶች በረድፍ ተሠርተዋል። እኔና እናንተ አንገዛቸውም። ግን በየተወሰነው ርቀት በሁለት ግቢ መካከል ጠባብ መተላለፊያ ትቶ ደረጃ ወደ አሸዋው ይወርዳል፤ መንገዱ ዳር ደግሞ ባዶ እግርና ማዕበል የተሳለበት ሰሌዳ ይቆማል። «በዚህ ወደ ባሕሩ ግቡ» ማለት ነው። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። አንዴ ካየሁት በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እሱን ስፈልግ ዋልኩ።

በዚህ መንገድ ላይ ባሕሩ ወደ የብስ እየገባ ረግረግ የሠራባቸው ስድስት ቦታዎች አሉ። አብዛኞቹ ለወፎቹ ተትተዋል። መንገዱ በአፋቸው በኩል በድልድይ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይረግጣቸውም። ሻላ የሚመስል ወፍ በተርታ ሆኖ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ሲያልፍ ጋሼ ፔዳል መምታት ትተው ዝም ብለው ያዩ ነበር።

ሉካዲያ የሚባል ሰፈር ስንደርስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ወርጄ ቀና ስል ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬን መታኝ። ባሕር ዛፍ! መንገዱን በሁለት ወገን ይዘው የቆሙ፣ ቅርፊታቸው የተላጠ፣ ግዙፍ ባሕር ዛፎች። ከአውስትራሊያ ነው የመጡት፣ የኛም በምኒልክ ጊዜ ከዚያው እንደመጣ። የወደቀውን ቅጠል አንስቼ በጣቴ ፈጨሁትና አሸተትኩት። ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ የምታጥነኝ ቅጠል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብለው አያቶቻችን ባሕር ዛፍ ያሉትን ዛፍ ባሕሩ አጠገብ ቆሜ ሳሸት ምን እንደተሰማኝ በደብዳቤ አልችለውም።

ጋሼ ብስክሌቷን ገልብጠው ጎማውን በማንኪያ እጀታ አወለቁት። ከመነዳሪውን ትንሽ ነፉና ወደ ከንፈራቸው ጠጋ አድርገው ቀስ ብለው አዞሩት። ቀዳዳውን በዓይን አልነበረም የሚፈልጉት። ትንፋሹ ከንፈራቸውን ሲነካቸው «እዚህ ጋ» አሉና ጣታቸውን አሳረፉበት። የሩዝ ፍሬ የማታክል የጠርሙስ ስባሪ ነበረች። በአሸዋ ወረቀት ፈተጉ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ ጠብቀው ለጠፉ። አስመራ ልጅ ሳሉ ጎሚስታ ቤት ሠርተዋል።

ይህን ሲሠሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ በብስክሌት መጥተው ቆሙና ፖምፓ አበደሩን። ከየት እንደመጣን ጠየቁ፣ ነገርናቸው። ጋሼ በተራቸው «ይሄ ሁሉ ዳርቻ እንዴት ሳይታጠር ቀረ?» ብለው ጠየቋቸው። እኒህ እናት ፈገግ አሉ። «ሊታጠር ነበር» አሉን። በ1972 ተማሪ ነበሩ። ያኔ ዳርቻው ቁራጭ በቁራጭ እየተሸጠ፣ ሆቴሉም ቪላውም ባሕሩን እየጋረደ ነበር። ሕግ እንዲወጣ በካሊፎርኒያ ምክር ቤት ቢሞከርም አልፎ ሊሄድ አልቻለም። ስለዚህ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ዘመቻውን ከመሩት አንዱ የሳንዲያጎው ሴናተር ጄምስ ሚልስ ነበር። ይህ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ብስክሌቱን ይዞ፣ ደጋፊዎቹን አስከትሎ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሳንዲያጎ በባሕሩ ዳር ወረደ። በየከተማው እየቆመ «ይህ ዳርቻ የእናንተ ነው» እያለ ተናገረ።

ማታ ቤት ገብቼ አጣራሁ። እንዳሉት ነው። በኅዳር 1972 ፕሮፖዚሽን 20 የተባለው ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ አለፈ። በሱ የተቋቋመው ኮሚሽን ጊዜያዊ ነበር፤ በ1976 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ቋሚ አደረገው። ዛሬ በዳርቻው ሊገነባ የሚመጣ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በብዙ ቦታ ፈቃዱ የተገኘው ለሕዝቡ መተላለፊያ በመተው ነው፤ ያየኋቸው ደረጃዎች አንዳንዶቹ እንደዚያ የመጡ ናቸው። ማዕበል የሚደርስበት እርጥቡ አሸዋ ደግሞ ቀድሞውንም የሕዝብ ነው፣ ቪላ ያለውም የሌለውም እኩል ይረግጠዋል። ጠብ የለም ማለቴ አይደለም። ከሎስ አንጀለስ ወዲያ፣ ማሊቡ አካባቢ፣ ባለቤቶችና ኮሚሽኑ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ነገር ግን የሚከራከሩበት ሕግ አለ።

ምሳችንን ኤንሲኒታስ ላይ ገደሉ አፋፍ ባለ የሕዝብ አግዳሚ ተቀምጠን በላን። የሰኔ ጾም ስለነበር በሶና ቆሎ ነው የያዝነው፣ ጋሼ ሕምባሻ ጨምረውበታል። ከታች በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱት ልጆች እንደ ዳክዬ ተደርድረው ማዕበል ይጠብቃሉ። ጋሼ ሕምባሻውን እየቆረሱ ስለ ምጽዋ አወሩኝ፤ ስለ ሙቀቱ፣ በረድፍ ስለተደረደሩት ቤቶች፣ እሑድ እሑድ ከአስመራ በባቡር ስለሚወርደው ሰው። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ካርዲፍን አልፈን ዴል ማር ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ። ባሕሩ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ የተቀየረው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። እዚያ የባቡሩ ሐዲድ በገደሉ ጠርዝ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ጠዋት በሱ ላይ ነበር የመጣነው። ገደሉ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ከሥሩ ማዕበሉ ይበላዋል፣ ከላይ የዝናብና የመስኖ ውሃ ያላላዋል፣ በየጊዜው ይናዳል። በ2019 ትንሽ ወደ ሰሜን፣ እኛ ባለፍንበት ዳርቻ፣ ገደል ተንዶ ከሥሩ ተቀምጠው የነበሩ ሦስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ከገደሉ ሥር አትቀመጡ የሚል ማስጠንቀቂያ በየቦታው አለ። ዳርቻን ክፍት ማድረግ ማለት መጠንቀቅን መርሳት ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ቶሪ ፓይንስ። የቀኑ ዳገት ይህ ነው። ከባሕሩ ወለል ተነስቶ ከመቶ ሜትር በላይ ይወጣል። ማርሹን መጨረሻ ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ከፊት ጎማዬ ሳላነሳ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እየመታ ወጣሁት። ጋሼ ቀድመውኝ ወጥተው ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። የቆሙበት ጥድ በዓለም ላይ በተፈጥሮው የሚበቅለው እዚህና ሳንታ ሮዛ በምትባል ደሴት ላይ ብቻ ነው። ነፋሱ አጣሞታል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፣ አምስት አምስት ሆኖ ከአንድ ሥር ይወጣል። ቆጥሬዋለሁ። ይህም ቢሆን ድሮውኑ ከተማው ቦታውን ስለከለለው፣ ባለጸጋዋ ኤለን ስክሪፕስም መሬት ገዝታ ስለሰጠች የተረፈ ነው። ከላይ ሜዳው ላይ ሳልክ የምርምር ተቋም አለ። የፖሊዮ ክትባት ያገኘው ዮናስ ሳልክ ያቋቋመው ነው። በልጅነቴ ቤት ለቤት እየዞሩ አፋችን ውስጥ ጠብታ የሚያደርጉልንን የጤና ሠራተኞች አሰብኩ። ያ ጠብታ የሌላ ሰው ግኝት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን መንገዱን የከፈተው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ላ ሆያ ቁልቁል ነው። ፍሬን ይዛችሁ ውረዱ። ላ ሆያ የሀብታም ሰፈር ነው፣ ዓለቱን ግን የያዙት የባሕር አንበሶች ናቸው። ሳታዩአቸው ይሸቷችኋል፣ ከዚያ ጩኸታቸው ይሰማል። በ1931 ልጆች ያለ ስጋት እንዲዋኙ ተብሎ ማዕበል የሚመልስ ግንብ የተሠራለት ትንሽ ዳርቻም አለ። ዛሬ አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ሰፍረውበታል። በሚወልዱበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ አሸዋው ለሰው ይዘጋል። ለእንስሳቱም ለሰውም ተራ ተሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ውሳኔ ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ ለእኔ ግን ትክክል ነው።

ሚሽን ቤይ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ይህ ቦታ ድሮ ረግረግ ነበር። ቆፍረው፣ ደልድለው፣ የሕዝብ መናፈሻ አደረጉት። ሣሩ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ከሰል አያይዟል። ሜክሲኮው ሥጋውን ይጠብሳል፣ ፊሊፒኖው ይዘፍናል፣ አንድ ጥግ ደግሞ ነጠላ ያደረጉ እናቶች ምንጣፍ አንጥፈው ቡና ያፈላሉ። ጠሩን። አናውቃቸውም። ከብስክሌት ወርደን አቦሉን ጠጣን። «ከኦሽንሳይድ በእግራችሁ?» አሉ አንዷ፣ ብስክሌት መሆኑን እያዩ። ቤት የገባሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጭኔ እሳት ሆኗል፣ ፊቴ ላይ ጨው ደርቋል። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዘመን የለውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሀገር ቤት መጥቼ ልጆቼን ቢሾፍቱ ወሰድኳቸው። ሐይቁን ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። በሄድንበት ሁሉ አጥር ነው፣ በር ነው፣ ዘበኛ ነው። በመጨረሻ አንድ ሎጅ ገብተን፣ ለመግቢያ ከፍለን፣ ምግብ አዝዘን አየነው። ኦሽንሳይድ ላይ ልጁ መንጠቆ ለመጣል አልከፈለም፤ እኛ ሐይቃችንን ለማየት ከፈልን። ልጄ «አባዬ፣ ሐይቁ የሆቴሉ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ ግን የማን እንደሆነ ላሳያት የምችልበት አንድ ክፍት ቦታ በዚያ ሰዓት አላገኘሁም። ባለሎጆቹን አልወቅስም። ለሰው ሥራ ሰጥተዋል፣ በሕጋዊ መንገድ ቦታ ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል። የምለው፣ ቦታው ሲሰጥ አምስት ሜትር መተላለፊያ ለእግረኛና ለብስክሌት ይቅር ያለ ሰው መኖር ነበረበት ነው።

ባሕር ዳርም እንደዚሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጣና ውስጥ የምንዋኝባቸው፣ የታንኳ ሰዎች ደንገል የሚያወርዱባቸው ቦታዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ አሁን በግንብ ውስጥ ናቸው። በጎ ነገርም አይቻለሁ። በግንቦት 2024 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር የሚረዝመው፣ የብስክሌት መስመር አለው። አዲስ አበባም በኮሪደሩ ሥራ የብስክሌት መንገድ እየሠራች ነው። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን መስመሩ ከአስፋልቱ ጎን ብቻ ከቀረና ውሃው ከግንብ በስተጀርባ ከሆነ፣ ብስክሌት የሚነዳው የባሕር ዳር ልጅ ሐይቁን በጠረኑ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደንገሉ ያለበት፣ ወፍ የሚፈለፈልበት ቦታ ይተው፤ መንገዱ ከሱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይለፍ። ይህን የሚሠሩ መሐንዲሶች አሉን።

እናም ልመናዬ ይህ ነው። ሰላሙ ተመልሶ መንገዱ ሲመች አንድ ጋዜጠኛችሁን ብስክሌት አስይዛችሁ ወደ ባሕር ዳር ላኩልን። ከዓባይ ድልድይ ይነሳ። ሐይቁን ይዞ በከተማዋ ዳርቻ ይሂድ። የት ጋ መግባት እንደቻለና የት ጋ ዘበኛ እንደመለሰው ይመዝግብ፤ ክፍቱን በሜትር፣ የታጠረውንም በሜትር ይለካ። ሐዋሳና ቢሾፍቱም ይድገመው። ጋዜጣው ላይ ካርታውን አውጡት። ለጋዜጠኛው የብስክሌቱን ኪራይ እኔ እሸፍናለሁ፤ ጋሼም ሰምተው «ከመነዳሪና ማስቲሽ ከእኔ» ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር
የባሕር ዳር ልጅ፣ ከሳንዲያጎ